ጧፍ የገባባት ሳይክል

«ይቺ ነገር አንድ ድምፅ ጎድሏታል» አሉ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጃቸው ስንዱ የኤሌክትሪክ ሳይክሏን ከቻርጅ ነቅላ፣ የኋላ ጎማዋን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ በሌላው መያዣዋን ጠምዘዝ ስታደርገው ጎማው ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ዞረ። መሪጌታ ያን ሰምተው ነው የተናገሩት። ወንድሟ ሙሉቀን ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደነከረ ቀረ፤ ዳቦው ራሰና ግማሹ ተቆርጦ ብርጭቆው ውስጥ ሰጠመ። አባቱ ስለ ሳይክሏ ክፉም ደግም ሲናገሩ ሰምቶ አያውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ከመደባቸው በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ስታድር አንድ ቀን «ምንድን ናት?» ብለው አልጠየቁም።

ቤቱ መካነ ኢየሱስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ በወር ሰባት መቶ ብር። ሳይክሏ ከመጣች ወዲህ ሰባት መቶ ሃምሳ ሆኗል፤ አከራያቸው ወይዘሮ ፈትለወርቅ «ልጆቼ፣ እኔ ለሰው እንጂ ለሞተር አላከራየሁም» ብለው ሃምሳ ብር ጨመሩ። ሶኬቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሳሎኑ ውስጥ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ የያዘችው እሷ ናት፤ ሙሉቀን የሚተኛው በር ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት በኩል ነው። ስንዱ አንድ ቀን ለምትገዛው ቴሌቪዥን ብላ የሠራችውን ዳንቴል ማታ ማታ የምታለብሰው ለሳይክሏ ነው። ሙሉቀን በዚህ ቤት ውስጥ ዳንቴል ተደርቦለት አያውቅም።

«ምን ጎደላት አሉ፣ አባባ?» አለች ስንዱ።

«ሦስት ድምፅ ነበራት። እየተቀባበሉ ነበር የሚሄዱት። ሐሙስ ማታ ሁለት ሆነው ገቡ።»

«አባባ፣ የቻይና ዕቃ ዜማ የለውም» አለ ሙሉቀን፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዓይናቸው ደከመ እንጂ ጆሯቸው ገና ነው። ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ ሲያስተምሩ ከሠላሳ ተማሪ መካከል ዜማ የሳተውን በስሙ ጠርተው «ድገም!» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሙሉቀንም እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ ድረስ ከሚጠሩት አንዱ ነበር። ከዚያ ዜማውን ጥሎ አስኳላ ገባ፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ፊዚክስ ተማረ፤ ጋውን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ በመስተዋት አስገጥሞ ሲያመጣላቸው አባቱ በጣታቸው ዳሰሱትና «መስተዋቱ ጥሩ ነው» አሉ። አስኳላ ከገባ ጀምሮ አርመውት አያውቁም። ሲሳሳት ዝም ነው። ሌላ ሰው ይህን ነጻነት ይለው ይሆናል፤ የመሪጌታ ልጅ ግን የማይታረመው ተማሪ ተስፋ የተቆረጠበት መሆኑን ያውቃል።

ጥፋቱ የበቅሎዋ ነው። ቢያንስ ሙሉቀን ለራሱ የሚነግረው እንደዚያ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሳይክሏን ከእኅቱ ለምኖ በአቦ መንገድ ሲነዳ የቄስ ገብረ ሚካኤል በቅሎ ከኋላው መጥታ አለፈችው። ሳይክሏ ከፋብሪካ ስትወጣ በሰዓት ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትሄድ ተደርጋ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ አሥሩንም በልመና ነው የምትሞላው። በቅሎዋ ይህን ደንብ አታውቅም። ቄሱ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ዞር ብለው «በርታ ልጄ!» አሉት፣ ከልባቸው። መንገዱ ዳር፣ እሱ ፊዚክስ ከሚያስተምራቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች አራቱ ቆመው ነበር። ሰኞ ዕለት ሙሉቀን ሰሌዳው ላይ «ፍጥነት» ብሎ ጽፎ ገና ሳያሰምርበት፣ ከኋላ ወንበር አንዱ በምላሱ የበቅሎ መንጃውን ድምፅ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ዲግሪ ያለው፣ ክራባት የሚያስር ሰው መንገድ ላይ በበቅሎ መቀደምን ይችላል። ክፍል ውስጥ መቀደምን ግን አልቻለም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ረቡዕ፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ስንዱና አባቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ሙሉቀን ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ቪዲዮ እያቆመ እያስኬደ፣ ከሳይክሏ መቀመጫ ሥር ያለውን የመቆጣጠሪያ ሣጥን ፈታ። ሣጥኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አላልሶ ሳይቀደው አነሣው። ውስጡ ሽቦ በሽቦ ነው፤ ከመካከላቸው አንዲት ነጭ ሽቦ አለች። ፍጥነቷን የያዛት እሷ ናት፤ እሷን መቁረጥ ነው፣ ሌላ የለውም። ቆረጠ። የተቆረጠው ጫፍ በናስትሮ መሸፈን ነበረበት፤ ናስትሮ አሥራ አምስት ብር ነው፤ ሱቁ ሁሉ ግን ለበዓሉ ዝግ ነው። የፊዚክሱ ሰው ዙሪያውን ተመለከተ። ከአባቱ ራስጌ አንድ እስር ጧፍ አለ። ሰም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ይህን ራሱ ያስተምራል። ግማሽ ጧፍ አቅልጦ ጫፎቹን ደፈነ፤ በተረፈው ማኅተሙን መልሶ ለጠፈ። ሰም ሲሞቅ እንደሚቀልጥም ያስተምራል፤ እሱ ግን የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ምዕራፍ ስለሆነ ገና አልደረሰበትም።

ስንዱ ሐሙስና ዓርብ ከተማው ውስጥ በእግሯ የምትደርስበት ስብሰባ ነበራት፤ ረቡዕ ማታና ሐሙስ ጠዋት ዓለም የእሱ ነበረች። ወደ ከተማው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የሳይክሏ ስክሪን አርባ ሁለት አሳየ፤ ክራባቱ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ተውለበለበ። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አቦ ዳገት ላይ የሆነውን ግን ለጊዜው እንተወው፤ እሱም ለማንም አልተናገረውም። ዳገቱ አናት ላይ ሳይክሏ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን መሽተት መጀመሯንና አንዲት አሮጊት አማትበው ማለፋቸውን ብቻ እንናገር። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የስምንት ቁጥር በራ። ከሳይክሏ ጋር የመጣችው ደብተር ስለ ስምንት ቁጥር የምትለው አንድ መስመር ነው፦ «ሞተሩ የት እንዳለ አያውቅም።» ሙሉቀን ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበባት፤ ስለ ሞተሩ ብቻ የተጻፈች አልመሰለችውም።

ነገሩ ቀልድ የማይሆነው ሳይክሏ የእሱም የስንዱም ስላልሆነች ነው። ስንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የክትባት ሣጥን በትከሻዋ አንግታ ዋርካ ሜዳ ጤና ኬላ ድረስ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሰባት ዓመቷ ነው። በኅዳር አንድ ፕሮጀክት ለሙከራ ብሎ ሳይክሏን ሰጣት፤ ስድስት ወር ያለ ችግር ከሠራች ለእሷው ትጸድቃለች፤ ያልተፈቀደለት ሰው ሣጥኗን ከፈታው ግን ትነሣለች። ሳይክሏ ከመጣች ወዲህ ጫማ የበላቸው የስንዱ የእግር ጥፍሮች ተመልሰው ማደግ ጀምረዋል። ሙሉቀን ይህን ያየው አንድ ማታ ጥፍሯን በመብራት እያየች ለብቻዋ ፈገግ ስትል ነው። አይቶ ነው የቆረጠው።

«ልሸኝሽ» አላት አሁን፣ የክትባት ሣጥኑን ከኋላ ስታስር።

«ቅዳሜ ጠዋት? አንተ?» የእጇን ጀርባ ግንባሩ ላይ አደረገች። «ትኩሳት የለህም።»

እሷ በዝግታ ስትነዳ እሱ ከኋላ ሶምሶማ ያዘ። ሜዳው ላይ ሳይክሏ እየተንገጫገጨችም ቢሆን ሄደች። ስንዱ በየመሀሉ ዞር እያለች ታወራዋለች፤ ዛሬ አርባ እናቶች እንደተቀጠሩ፣ ባለፈው ወር አንዷ መንታ ይዛ ሦስት ሰዓት በእግሯ እንደመጣች፣ ሽንኩርት ኪሎው አሥራ አራት እንደገባ። እሱ «እ» ይላል። ትንፋሹም ኅሊናውም ከ«እ» በላይ አላስኬደውም። አቦ ዳገት ግማሽ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጓ፣ ጓ አለና ቆመ። ስንዱ ወርዳ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ስምንት ይላል። ስምንት ምንድን ነው?»

«ሞተሩ የት እንዳለ አያውቅም ማለት ነው።»

«አቦ ዳገት ላይ ነዋ ያለው! ይኸው ነገርኩት» አለች። ከዚያ ዘወር ብላ አየችው። «አንተ በምን አወቅህ?»

«ደብተሯ ላይ... አይቼ።»

ደብረ ታቦር ያለው የፕሮጀክቱ ባለሙያ ዳኛቸው ይባላል። ስንዱ ደወለችለት። የስልኳ ጆሮ ስለተበላሸ ሁልጊዜ በስፒከር ነው የምታወራው፤ ስለዚህ ሙሉቀን ቃል በቃል ሰማ። ዳኛቸው ስምንት ቁጥር ብዙ ጊዜ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ሲነካካ የሚመጣ መሆኑን ነገራት። «ሰው ከፍቷታል ሲስተር?»

«ማን ይከፍታታል? ቤቴ ውስጥ እኮ ነው የምታድረው።»

«እርግጠኛ ነሽ? ሰኞ ስመጣ ቢሮው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።»

«ሙሉቀን ይሙት!» አለች ስንዱ።

ሙሉቀን አጠገቧ ቆሞ የክትባት ሣጥኑን ጠፍር ይዟል። ስንዱ እንደ ገበያ ሰው በየቃሉ የምትምል አይደለችም። ያላት አንድ ወንድም ነው፤ ስለዚህ ያላት አንድ መሐላ ነው፤ እሱንም የምታወጣው ነገሩ የደም ያህል እውነት ሲሆን ብቻ ነው። ሙሉቀን ሳይንስ የተማረ ሰው ነው፤ በመሐላ ሰው እንደማይሞት ያውቃል። ቢሆንም እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ልቡ ትመታለች። ትንሽ ፈጥናለች እንጂ ትመታለች።

ከዳገቱ ሥር የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ቄስ ገብረ ሚካኤል በዚያው ጃንጥላ፣ በዚያችው በቅሎ ብቅ አሉ። ሳይክሏን አዩ፤ ሙሉቀንን አዩ።

«ሙሌ! ዛሬም?»

«ዛሬም ማለት፣ አባታችን?» አለች ስንዱ መስቀላቸውን እየተሳለመች።

ቄሱ ሙሉቀንን አንድ ጊዜ አዩት። ፊቱ ልመና ብቻ ነበር። «ዛሬም ፀሐይዋ ከረረች ማለቴ ነው» አሉና ከበቅሎዋ ወረዱ። «ሣጥኑን አምጡት። እኔም ዋርካ ሜዳ ክርስትና አለብኝ። የክትባቱ በረዶ ሳይቀልጥ እንድረስ፤ እኔ እግር አላጣሁም።» ሣጥኑ ኮርቻው ላይ ታሰረ። ስንዱ ጫማዋን አጠበቀች፤ ሳይክሏን በእጇ መታ መታ አደረገቻት፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው «አይዞሽ» እንደማለት፤ ለሙሉቀንም «ቀስ ብለህ ግፋት፣ ድንጋይ ላይ እንዳትጥላት» ብላ አደራ ሰጠችው። አደራ! ቄሱና እኅቱ ከበቅሎዋ ግራና ቀኝ ሆነው ዳገቱን ሲወጡ ቆሞ አየ። በቅሎዋ ወደ ኋላ አልዞረችም። ልማዷ አይደለም።

ወደ ከተማው በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ገባ። በመናኸሪያው በኩል ሲያልፍ ከሆነ በረንዳ ላይ ምላስ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማ፤ ዞር ብሎም አላየ፤ ዛሬስ ይገባኛል አለ በልቡ። መንገድ ላይ ሱቅ ገብቶ አንድ ጥቅል ናስትሮ ገዛ።

መሪጌታ እንደተቀመጡ ናቸው። ሙሉቀን ሳይክሏን አስገብቶ በቦታዋ አቆማት። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚኖረው ዝምታ ይህ ቤት በደንብ የሚያውቀው ዝምታ ነው፤ እንግዳ ቢመጣ ወንበር ስቦ የሚቀመጥበት ዓይነት። ለወትሮው ሙሉቀን በዚህ ሰዓት ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። ዛሬ መሪጌታ ቀደሙት።

«አዙራት።»

አዞራት። መሪጌታ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ አንድ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው ላይ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። «ሦስተኛው የለም» አሉ። «ሁለቱ እየጠበቁት ነው የሚንገጫገጩት።»

ለሙሉቀን ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባው። ከሞተሩ የሚመጡ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፤ ጎማው የት እንደደረሰ ለመቆጣጠሪያ ሣጥኑ በየተራ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ሁለት ሌሊት ስልኩ ላይ ፈልጎ ያጣውን፣ አባቱ ግድግዳ እያዩ ነገሩት። ሣጥኑን ፈታ። ሐሙስ ዳገቱ ላይ የቀለጠው ሰም ወርዶ፣ ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሶኬት ውስጥ ገብቶ፣ በአረንጓዴው በኩል ረግቶበታል። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ጧፌ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ግማሽ ናት፣ አባባ።»

«በኪዳነ ምሕረት ዕለት።»

«አዎን።»

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። ሶኬቱን ከእጁ ተቀብለው መርፌ በክብሪት እያሞቁ፣ በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው ጫፍ እየዳበሱ፣ ሰሙን ከጠባቧ ቀዳዳ በጥቂት በጥቂቱ አወጡት። ሙሉቀን ገጠመና አዞራት፤ ተንገጫገጨች። «ድገም» አሉ። እንደገና አጸዱ፤ እንደገና አዞራት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ጭላንጭል የምታህል ሦስተኛ። «ድገም።» ሙሉቀን ይህችን ቃል ከአባቱ አፍ ከሰማ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በአራተኛው ጎማዋ ሳትሰናከል ዞረች፤ የመሪጌታም መዳፍ ሦስቱንም ጊዜ ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

«አንተ ድሮም እንዲሁ ነበርክ» አሉ መርፌውን ኮፍያቸው ላይ እየሰኩ። «ዜማው በዝግታ፣ በቁም ይጀመር ሲባል፣ ቁሙን ሳትጨርስ ወደ ፈጣኑ፣ ወደ ጽፋቱ ነበር ሩጫህ።»

ሙሉቀን ነጩን ሽቦ መልሶ ቀጠለ፤ በናስትሮ ጠቀለለ፤ ሳይክሏ ወደ ሃያ አምስቷ ተመለሰች። ማኅተሙን በሙጫ ሲለጥፈው ከበፊቱም ይልቅ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ በቀስታ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፦ እንግዲህ ማን ያውቃል? ሳይንስ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ተጠርጎ ወጥቷል። አባቱ አይናገሩም፤ አለመናገር ሥራቸው ነው። ሰኞ ሰውዬው መጥቶ ደኅና ሳይክል ያያል፣ ይሄዳል፤ ስንዱም ትጸድቅላታለች። ይህ ውሸት ሳይሆን ለእኅቱ የሚደረግ ውለታ እንደሆነ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ራሱን ሲያሳምን ዋለ፤ ጎበዝ አስተማሪ ስለሆነ ተማሪው ቶሎ ገባው።

ስንዱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። ሠላሳ ስምንት ሕፃን ከትባለች። ሁለት ጣቷ ላይ ደም ደርቋል። ሙሉቀን የሳይክሏን ጎማ አዞረላት፤ ስንዱ ጫማዋን ጣለች።

«ሠራች! ማን ሠራት?»

«ራሷ ተነሣች» አለ ሙሉቀን። ቃሉ ለስለስ ብሎ ነው የወጣው። ከግድግዳው በኩል የመሪጌታ እስትንፋስ ትንሽ ቆመና ቀጠለ።

ስንዱ ቁጭ እንኳ አላለችም፤ ደወለች። «ዳኛቸው! ደኅና ሆነች፣ በራሷ!»

«ስምንት በራሱ አይጠፋም ሲስተር» አለ ስልኩ። «ሰው ነክቷታል።»

«አልነካትም አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ፣ ሙሉቀን ይ...»

«አትማይ!»

ድምፁ የእሱ መሆኑን ሙሉቀን ያወቀው ስንዱ ወደ እሱ ስትዞር ነው። ስንዱ ስልኩን እንደዘረጋች ቀረች። እሱም ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገረው ጮክ ብሎ ተናገረ። «ወንድሟ ነኝ። ፍጥነት የሚይዘውን ነጩን ሽቦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አርባ ሁለት ድረስ ነድቻታለሁ። እሷ ምንም አታውቅም።»

«የተቆረጠውን በምን ሸፈንከው?»

«በጧፍ።»

«በምን?»

«በጧፍ። የቤተ ክርስቲያን።»

ከዚያ ወዲያ ማዶ አንድ ሰው «በጧፍ አለ እኮ!» ሲል፣ ሌላው ሲስቅ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ዳኛቸው ሳቁን እንደምንም ዋጠው። ሰኞ መጥቶ ሳይክሏን እንደሚወስዳት፣ ትመለስ አትመለስ ቢሮው እንደሚወስን፣ ስንዱ እጇ እንደሌለበት ግን ሪፖርቱ ላይ እንደሚጽፍ ነግሯቸው ዘጋ።

ስንዱ አልጮኸችም። ቢቻል ሙሉቀን እንድትጮህ ይፈልግ ነበር። ዳንቴሉን ከወንበሩ አንሥታ በአራት አጠፈችውና የልብስ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን አየች፣ ልክ እንደ አባቷ። ሙሉቀን ውኃ አሞቀ። ሳፋውን አምጥቶ ተንበረከከና እግሯን ያዘ፤ አልከለከለችውም፤ አላየችውምም። ደም የደረቀበት ጣት ላይ ሲደርስ ቀስ አለ። ደጅ ላይ የወይዘሮ ፈትለወርቅ ዶሮዎች ሊሰፍሩ ይንጫጫሉ። ውኃው ቀዘቀዘ፤ ሌላ ጨመረ። ሰኞ የክትባት ሣጥኑን ማን እንደሚሸከም ማንም አልጠየቀም፤ እሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ከትምህርት ቤት ፈቃድ መጠየቂያውን ማመልከቻ በልቡ ጀምሮታል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ስንዱ ወደ ግድግዳው እንዳየች «እውነት አርባ ሁለት ሄደች?» አለች።

«ቁልቁለት ላይ።»

«አቦ ዳገትንስ?»

ሙሉቀን ጣቷን በፎጣ አደረቀ። ዛሬ ያልተናገረው የቀረው ይህ ብቻ ነበር።

«ዳገቱን... ሐሙስም በቅሎዋ ቀደመችኝ።»

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከግድግዳው ዞሩ።

«ድገም» አሉ።